ሞሊሞክን ማን ገደለው?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 «ክሪቲካል ሮል» በተሰኘው የኢንተርኔት ዝግጅት ላይ ጥቂት የድምፅ ተዋንያን እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ አለ። በጨዋታቸው ዓለም ውስጥ ሦስት ጓደኞቻቸውን የባሪያ ነጋዴዎች አፍነው ወስደዋቸዋል። የቀሩት በረዶ በሸፈነው መንገድ ዳር አድፍጠው ቆዩና ሠረገላዎቹ ሲደርሱ ጥቃት ከፈቱ። ውጊያው እንዳሰቡት አልሄደም። ታሊዘን ጃፊ የሚጫወተው ሞሊሞክ ቲሊፍ፣ ያ ባለብዙ ቀለም ካፖርት የሚለብሰው የሰርከስ ሰው፣ ከነጋዴዎቹ አለቃ ከሎሬንዞ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ።

ሞሊሞክ በገዛ ደሙ የሚሠራ እርግማን ነበረው። እርግማኑ እንዲጠነክርለት የሚፈልግ ተጫዋች ከገጸ ባሕርዩ የሕይወት ነጥብ ላይ ቀንሶ መክፈል አለበት፤ ስንት እንደሚከፍል የሚወስነው ደግሞ ዳይስ ነው። ጃፊ ለመክፈል መረጠ። ዳይሱ የቀረችውን ነጥብ ሁሉ ወሰደበት፤ ሞሊሞክም ራሱን ስቶ ወደቀ። ተራው የጨዋታው መሪ የማቲው መርሰር ሆነ። ሎሬንዞ የወደቀውን ትቶ ወደ ቆሙት ሊዞር ይችል ነበር፤ ብዙ መሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መርሰር ግን ሎሬንዞ ምን ዓይነት ጨካኝ እንደሆነ ያውቃል። እጀታው እንደ ጦር የረዘመውን ስለት በወደቀው ሰው ደረት ላይ አስተከለው። የቡድኑ ፈዋሽ ራሷ ከታፈኑት አንዷ ስለነበረች የሚደርስለት አልተገኘም። ጓደኞቹ እዚያው መንገድ ዳር ቀበሩት፤ ካፖርቱንም በዱላ ላይ ሰቅለው በመቃብሩ ላይ አቆሙለት።

ታዲያ ሞሊሞክን የገደለው ማን ነው? ነጥቡን አውቆ የከፈለው ተጫዋች ነው? ክፉ ቁጥር ያወጣው ዳይስ ነው? ወይስ ምሕረት ማድረግ ሲችል ያላደረገው መሪ? በዚያ ምሽት ሦስቱም እጃቸው ነበረበት። በሌሎች ጠረጴዛዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው የሚገድለው። ተጫዋቾችን ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲያከራክር የኖረውም ይኸው የሥልጣን ጥያቄ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ማታ ማታ ተረት የሚነገርበትን ቤት አስቡ፤ እዚህ ግን አድማጮቹ ጀግኖቹን ተከፋፍለው ይዘዋል። ተራኪው «ከፊታችሁ የዛገ የብረት በር አለ፤ ከኋላው ሰንሰለት ሲጎተት ይሰማል» ይላል። አንዱ «ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ» ይላል፤ ሌላዋ «እኔ ገፍቼ እከፍተዋለሁ» ትላለች። ይሳካላቸው አይሳካላቸው በሚያጠራጥር ቦታ ሁሉ ዳይስ ይጣላል። ተራኪው፣ ማለትም የጨዋታው መሪ፣ በታዋቂው ጨዋታ በ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ዳንጀን ማስተር ይባላል፤ የመንደሩን ሰው፣ አውሬውን፣ አየሩን፣ ጠላቱን ሁሉ የሚጫወተው እሱ ነው። እንደ ቼዝ አሸናፊና ተሸናፊ የለም። አንድ ታሪክ በየሳምንቱ እየቀጠለ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ተጫዋቹም በእነዚያ ዓመታት ለገጸ ባሕርዩ ስም፣ ድምፅ፣ ቂምና ተስፋ ሲሰጠው ይቆያል። ያ ገጸ ባሕርይ ሲሞት የሚሰማው ኀዘን የይምሰል አይደለም። ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ስሙን የጠራኸው፣ በእሱ አፍ የተናገርክበት ሰው ነው የሚሄድብህ።

በጨዋታው አጀማመር ላይ ልቤን የሚነካ አንድ ነገር አለ። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» እ.ኤ.አ. በ1974 ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኒቫ ከተማ ውስጥ በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርንሰን ስም ሲወጣ 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር የታተመው። ከዚያ በፊት አርንሰን በሚኒሶታ ከጓደኞቹ ጋር «ብላክሙር» የሚለውን ምናባዊ ዓለም ሲጫወት ነበር። ሁሉም ከጦርነት ጨዋታ የመጡ ናቸው፤ በዚያ ጨዋታ አንድ የእርሳስ ምስል አንድ ወታደር ወይም አንድ ሻለቃ ጦር ነው፤ ከተመታ ከሰሌዳው ይነሳል፤ ማንም አያለቅስለትም። በብላክሙር ግን እያንዳንዱ ሰው አንድ ጀግና ብቻ ያዘ። በአንድ የዳይስ ውርወራ ጀግናው ድንገት ሲሞትበት ተጫዋቹ አልወደደውም። አርንሰንም ስለ ብረት ለበስ የጦር መርከቦች ከሠራው የባሕር ውጊያ ጨዋታ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ መርከብ በአንድ ጥይት አይሰጥምም፤ ስንት ምት እንደሚችል ይቆጠራል። ዛሬ በቪዲዮ ጨዋታ ሁሉ የምናየው የሕይወት ነጥብ ከዚህ ተነስቶ ነው የተስፋፋው። መነሻው ሰዎች ገጸ ባሕርያቸውን መውደዳቸው ነው።

ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጨዋታ ለጀማሪ ምሕረት አልነበረውም። በ1974ቱ ሕግ አዲስ ጠንቋይ የሕይወት ነጥቡን የሚያገኘው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ አንድ ጊዜ ጥሎ ነው፤ የጠላት ሰይፍም ጉዳቱ በዚያው በባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይለካል። ሦስት ነጥብ ያለው ጠንቋይ ወደ ዋሻ ሲገባ በመጀመሪያው ምት ሊያልቅለት ይችላል። ይህን የሚቻል ያደረገው አዲስ ገጸ ባሕርይ መሥራት ቀላል መሆኑ ነው። ስድስት ጊዜ ሦስት ሦስት ዳይስ ጥለህ፣ ስም ሰጥተህ፣ ሰይፍና ገመድ ገዝተህ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሰህ ትገባለህ። ሞት የትምህርት ክፍያ ነበር። ቀጣዩ ገጸ ባሕርይህ መሬቱን በረጅም እንጨት እየነካካ ይሄዳል፤ ከሱ በፊት የነበረው ለምን እንደሞተ አንተ ታውቃለህና።

የዚህ አጨዋወት ጫፉ «ቱም ኦቭ ሆረርስ» (የአሰቃቂ ነገሮች መቃብር) የተባለው ተዘጋጅቶ የቀረበ ጀብዱ ነው። ጋይጋክስ በ1975 ባልቲሞር ውስጥ ለተካሄደው «ኦሪጅንስ» የተጫዋቾች ጉባኤ ውድድር አቅርቦት በ1978 ለገበያ አወጣው። መቃብሩ ውስጥ ከገባችሁ ብዙም ሳትርቁ አንድ ግድግዳ ላይ ከአረንጓዴ ድንጋይ የተፈለፈለ የሰይጣን ፊት ታገኛላችሁ። አፉ ሰው የሚያስገባ ያህል ተከፍቷል፤ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የገባ ሰው ይጠፋል። ዳይስ አይጣልም፣ ማምለጫ ዕድል የለም፣ ሬሳም አይተርፍም። አንድ ተጫዋች «በዳይስ እንኳ ሳይሞከርልኝ?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። የጋይጋክስ መልስ ግን በአሠራሩ ውስጥ አለ፦ እጅህን ከማስገባትህ በፊት እንጨት አስገብተህ ማየት ትችል ነበር። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የሚፈትነው በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የጀግናውን ጥንካሬ ሳይሆን ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው። ጋይጋክስ ራሱ እንደተረከው፣ ጓደኛው ሮብ ኩንትዝ በዚያ መቃብር ያለፈው ኦርክ የሚባሉትን ጭራቆች ከፊት ከፊት እያስቀደመ ነው፤ ወጥመዱ ሁሉ በእነሱ ላይ አለቀ።

እኔ ይህን አጨዋወት አከብራለሁ። ብዙ ሰው ጭካኔ ይለዋል፤ እኔ ግን በውስጡ ለተጫዋቹ የተሰጠ ትልቅ ክብር አያለሁ። መሪው «አንተ ብልህ ነህ፤ አላታልልህም፤ ከወጣህ በራስህ ነው የምትወጣው» እያለው ነው። ችግሩ የሚመጣው ለሌላ ነገር የተቀመጠ ሰው ሳይነገረው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲገኝ ነው።

ግሌን ብላኮው የተባለ ጸሐፊ ይህን በ1980 «ዲፈረንት ወርልድስ» በተባለው መጽሔት ላይ አይቶት ነበር። ተጫዋቾችን የሚስቡ አራት ነገሮች አሉ አለ፦ ጉልበት ማካበት፣ በሌላ ሰው ነፍስ ውስጥ መኖር፣ የጦር ስልት እና ታሪክ መተረክ። እነዚህን አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አንዱን ጀግና ግደሉ። ስልተኛው ስህተቱ የት ላይ እንደነበር ለማወቅ ካርታውን ያገላብጣል፤ ሽንፈት ሊደርስ የማይችልበት ውጊያ ለእሱ ውጊያ አይደለም። ጉልበት የሚያካብተው የዓመት ልፋቱ ነው የጠፋበት። በገጸ ባሕርዩ ውስጥ ይኖር የነበረው ሰው እውነተኛ ሐዘንተኛ ነው፤ ወዲያው «በል አዲስ ሥራ» ቢሉት ይከፋዋል። ታሪክ ወዳዱ ደግሞ ሞቱን ከመቃወም ይልቅ ቦታውን ይጠይቃል፤ ከእናቱ ገዳይ ጋር ሳይገናኝ በስም የለሽ የሸረሪት መርዝ መሞቱ ነው የሚያንገበግበው። አራቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱም ክፉ ተጫዋች አይደለም። ብላኮው ከጻፈ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎም «ሞትን የሚፈራ ተጫዋች አይደለም» እና «ሰው የሚገድል መሪ ጨካኝ ነው» የሚሉት ሁለት ጎራዎች አሁንም ሲሰዳደቡ መስማት ያሳዝነኛል።

ጨዋታው እያደገ ሲሄድ ገጸ ባሕርያቱ ከበዱ። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ላይ ደርሶ አንድ ጀግና መሥራት ክህሎት መምረጥን፣ ልዩ ችሎታዎችን ማዛመድንና ገና ያልደረሰበትን ደረጃ አስቀድሞ ማቀድን የሚጠይቅ የአንድ ምሽት ሥራ ሆኗል። የሩብ ሰዓት ሥራ ሲጠፋ ትስቃለህ፤ የሳምንታት ሐሳብ ሲጠፋ ግን ትቆጣለህ። ታሪኮቹም አብረው ረዘሙ። በ1984 ትሬሲ ሂክማንና ባልደረቦቹ ያወጡት «ድራገንላንስ» የተባለው ተከታታይ ጀብዱ ከልብ ወለድ መጻሕፍት ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነበር፤ ጀግኖቹም ስም ያላቸው፣ አስቀድመው የተሠሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በመጀመሪያው ዋሻ ቢሞት የሚቀጥሉት ክፍሎች ምን ይሆናሉ? መፍትሔው ሞትን ማድበስበስ ነበር፦ ጀግናው ከገደል ይወድቃል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ሬሳው ግን አይታይም፤ ኋላ መሪው አሳማኝ ምክንያት ይዞ ይመልሰዋል። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን በ1985 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ስተርም የተባለው ባላባት በግንብ አናት ላይ ብቻውን ቆሞ ይሞታል። ደራሲ ሞቱን በቦታው ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ዳይስ ይህን አይችልም።

«ድራገንላንስ» በወጣበት በዚያው በ1984 ጃክ ቺክ የተባለው አሜሪካዊ የሃይማኖት ሥዕላዊ ጽሑፍ አዘጋጅ ስለዚህ ጨዋታ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሰራጨ። በውስጡ ገጸ ባሕርይዋ የሞተባት ልጅ ከቡድኑ ትባረራለች፤ መጨረሻዋም አያምርም። ጨዋታው ልጆችን ወደ ጥንቆላ ይወስዳል የሚለው ፍርሃት በአሜሪካ በረታበት ዘመን የተጻፈ ነው። በየትኛውም ጠረጴዛ የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ገጸ ባሕርዩ የሞተበት ሰው ወረቀት ይሰጠዋል፣ ዳይስ ይሰጠዋል፣ ሌላ ጀግና ይሠራል።

በዳይስ ጭካኔና በደራሲ ምርጫ መካከል አብዛኞቹ መሪዎች ያገኙት መንገድ መከለያው ነው። ዳንጀን ማስተሩ ከፊቱ የካርቶን መከለያ ያቆማል፤ ካርታውንና ምስጢሩን ይደብቅበታል፤ ዳይሱንም ከኋላው ይጥላል። በባለ 20 ገጽ ዳይስ 18 ወጥቶ ጀግናውን የሚገድል ከሆነ «ሳተህ» ሊል ይችላል፤ ማንም አያየውም። ጋይጋክስ እንኳ በ1979 ለመሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ ሁሉን በጥንቃቄ ያደረገ ተጫዋች በክፉ ዕድል ብቻ የሚሞት ከሆነ መሪው ሞቱን ወደ ከባድ ጉዳት ሊለውጥለት እንደሚችል ጽፏል። ይህ ደግነት ነው፤ እገነዘበዋለሁ። በስውር የሚደረገውን ግን አልደግፍም፤ ለምን እንደሆነ ያሳየኝ ደግሞ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በሚገኝ የሐበሻ ቤት፣ እህትና ወንድም ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ተቀምጬ አይ ነበር። መሪዋ ታላቅ እህቱ ናት። የወንድሟ ጋሻ ጃግሬ በጠባብ ድልድይ ላይ ኦገር ከሚባል ግዙፍ ጭራቅ ጋር ተጋጥሟል፤ የቀረው አራት የሕይወት ነጥብ ብቻ ነው፤ ፈዋሿ ከገደሉ ማዶ ናት። እህቱ ዳይሱን አንስታ እጇን ወደ መከለያው ኋላ ስትወስድ ልጁ አቋረጣት።

«እዚህ ጣይው።»

«ምን?»

«እዚህ መሃል ላይ። ባለፈው አድነሽኛል፤ አውቄያለሁ። ያኔ ያሸነፍኩት የኔ አይመስለኝም።»

እህቱ ትንሽ አየችውና መከለያውን አጥፋ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። 15 ወጣ። በቂ ነበር። በአሁኑ ሕግ ነጥቡ ያለቀበት ጀግና ወዲያው አይሞትም፤ በየተራው ባለ 20 ገጹን ዳይስ ይጥላል፤ 10ና ከዚያ በላይ ሕይወት ነው፣ ከ10 በታች ሞት፤ ሦስት የሞላለት ወገን ያሸንፋል። ልጁ ራሱ ጣለ። 8። ጓደኞቹ ወደ ድልድዩ ሮጡ። 14። ኦገሩ መንገዱን ዘጋባቸው። 3። ሁሉም ከወንበራቸው ተነስተዋል። 9።

ማንም አልተናገረም። ልጁ ዳይሱን በጣቱ ገፋ አደረገና «ጋሻዬን ማን ይውሰድ?» ሲል ጠየቀ። እህቱ «አንተ ወስን» አለችው። ከዚያ በኋላ የነበረው ግማሽ ሰዓት ውጊያ አልነበረበትም፤ ሬሳውን እንዴት ከድልድዩ እንደሚያሻግሩት፣ ለእናቱ ምን ብለው እንደሚነግሯት ነው የተነጋገሩት። የልጁን ፊት አይቻለሁ፤ አዝኗል፤ ግን የተበደለ ሰው ፊት አልነበረም። በስውር የተሰጠው ሕይወት ያሳጣውን ነገር በግልጽ የመጣው ሞት መልሶለታል።

እርግጥ በዚህ ጨዋታ ሞት የመጨረሻ የማይሆንበት መንገድም አለ። በ2014ቱ እትም ሕግ፣ 300 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ያለው ካህን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከደረሰ የሞተውን ያስነሳል፤ 500 የሚያወጣ አልማዝና ከፍ ያለ ደረጃ ካለው ደግሞ እስከ አሥር ቀን ይቻለዋል። ሀብታም ለሆነ ቡድን ሞት የገበያ ጉዳይ ይሆናል። መርሰር ለራሱ ጠረጴዛ ያወጣው ሕግ ይህን ለማክበድ ነው፦ ጓደኞቹ ስለ ሟቹ እየተናገሩ፣ ስጦታ እያቀረቡ ነፍሱን እንዲጠሩ ያደርጋል፤ በተደጋጋሚ የሞተ ሰው መመለሱ እየከበደ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቁኝ ግን ጥያቄውን ከሥሩ የቀየሩት ጨዋታዎች ናቸው። «ቴንራ ባንሾ ዜሮ» የተባለው የጃፓን ጨዋታ በገጸ ባሕርዩ ወረቀት ላይ ለቁስል መመዝገቢያ ሣጥኖች አሉት፤ ከእነሱ አንዱ የሞት ሣጥን ነው። ያንን ሣጥን ተጫዋቹ ራሱ ካልሞላው በቀር ገጸ ባሕርዩ ሊሞት አይችልም። ጠላት ሊያሸንፈው፣ ሊጥለው፣ ሊማርከው ይችላል፤ ሊገድለው ግን አይችልም። ሣጥኑን ከሞላ ተጨማሪ ዳይስ ያገኛል፤ ማለትም ጉልበቱ የሚጨምረው ሕይወቱን ለአደጋ ሲያጋልጥ ነው። ተጫዋቹ «ለዚህ ነገር እሞትለታለሁ» የሚለውን በእርሳስ ያሳያል ማለት ነው። ወንድሙን ሊያድን የቆመ ጀግና ያንን ሣጥን ሲሞላ ጠረጴዛው ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጣለው እያንዳንዱ ዳይስ ይከብዳል።

በ«ድሬድ» ደግሞ ዳይስ ጭራሽ የለም። መሃል ላይ ከትናንሽ እንጨቶች የተደረደረ የጄንጋ ማማ ይቆማል፤ አደገኛ ነገር የምታደርግ ተጫዋች አንድ እንጨት ትስባለች፤ ማማውን የጣለችው ገጸ ባሕርይዋን ታጣለች። ሁለት ሰዓት ከተጫወቱ በኋላ ያ ማማ ሲወዛወዝ የእጅ መንቀጥቀጥ እውነተኛ ነው። ግን ሌላም በር አለ፦ ተጫዋቿ ማማውን አውቃ በእጇ ብትገፋው ገጸ ባሕርይዋ ይሞታል፤ የፈለገችው ነገር ግን ይሳካል። «ቴን ካንድልስ» በሚባለው ጨዋታ ሁሉም እንደሚሞት ከመጀመሪያው ይነገራል። አሥር ሻማ ይበራል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በገጸ ባሕርዩ ድምፅ የመጨረሻ መልእክት ይቀዳል፤ ሻማዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ በጨለማ ውስጥ የተቀዳው ድምፅ ይከፈታል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ «እተርፍ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ ሁሉም የሚያስበው በቀረው ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ነው።

በሌላው ጫፍ በ2012 የወጣው «ዳንጀን ክሮል ክላሲክስ» አለ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት አራት ተራ ገበሬዎችን ይዞ ይገባል፤ አንዱ ንብ አናቢ፣ አንዱ መቃብር ቆፋሪ፤ የሕይወት ነጥባቸውም ብዙውን ጊዜ ከአራት አይበልጥም። አብዛኞቹ ያልቃሉ። የተረፈው ጀግና ይሆናል፤ ተጫዋቹም ይወደዋል፤ ከሌሎቹ ሬሳ መሃል የወጣ ነውና። እዚህ ገዳዩ ዳይስ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም፤ ስለዚህም የሚቆጣ አይኖርም።

እኔ የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ከሦስቱ ማንም ይግደል፣ ግን ወንበር ላይ ከመቀመጣችን በፊት እንነጋገርበት። ዛሬ ብዙ ቡድኖች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ለዚሁ ብቻ አንድ ምሽት ይመድባሉ። ገጸ ባሕርይ ሊሞት ይችላል ወይ? መሪው ዳይስ የሚጥለው በግልጽ ነው ወይስ ከመከለያው ኋላ? የሞተ ሰው ይመለሳል? በቅርቡ እውነተኛ ሐዘን የደረሰበት ሰው በመካከላችን አለ ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አባቱን ቀብሮ ለመተንፈስ የመጣ ሰው ፊት የአባት ሞት መጫወት ግን ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ እሱም ጀግናው የሞተበት ሰው ቀሪው ሦስት ሰዓት ነው። ውጊያው በመጀመሪያው ሰዓት ገድሎት፣ ሌሎቹ እየሳቁ ሲቀጥሉ እሱ ስልኩን እየነካካ ሲጠብቅ ማየት ከሞቱ ይልቅ ይከብደኛል። አዋቂ መሪዎች ለዚህ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ የጠላትን ሠራዊት ያስይዙታል፤ የቀድሞ ጓደኞቹን ሲገጥም ደስ ይለዋል። አንዳንዶቹ ቡድኑን የሚከተለውን በቅሎ ነጂ ወይም መንገድ መሪ ወዲያውኑ ይሰጡታል፤ ያ ሰው ስምና ታሪክ ካወጣ ብዙ ጊዜ በዚያው አዲሱ ጀግና ሆኖ ይቀራል። አዲስ ገጸ ባሕርይ ይዞ ሲመለስም ከሌሎቹ እኩል ደረጃ ይሰጡታል፤ ከታች እንዲጀምር አያደርጉም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሳይሆን በዚያው ምሽት፣ በሚቀጥለው ክፍል፣ ታስሮ በሚያገኙት እስረኛ መልክ ያስገቡታል።